የእንቁላል ወጥ በጫጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን ጫጫን እናገኛለን። ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው። ገብስና በግ ይበዛበታል። ብርዱማ አይጣል ነው!

በገበያ ቀን ጫጫ ገባን። አንዲት እናት አሥር እንቁላል በጭድ ላይ ደርድረው ይሸጣሉ። ትንሽ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ለልጅቷስ ስንት አስቀሩ?» አልናቸው።

«ኧረ ልጆቼ፣ ምን ይቀራል! ጨውና ቡናው በምን ይገዛ?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ያገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል ነው። ነገሩ ግን አሳሰበን።

ብርዱ ሲጠናብን ምግብ ቤት ገባን። የእንቁላል ወጥ ቀረበልን። ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቷል። በርበሬው በስሏል። ቅቤውና ኮረሪማው ከሩቅ ይሸታል። እንቁላሉ ተቀቅሎ ይላጣል። ከዚያ በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ ወጡ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ቅመሙ ይዘልቀዋል።

ይህ ወጥ ከየት መጣ? ዶሮ መጀመሪያ ለማዳ የሆነችው በእስያ ነው። አገራችን ከገባች ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኗታል። በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነው። ከዚያ ወጥቶ በዓለም ከተሰራጨ 550 ዓመት አይሞላም። ኮረሪማው የራሳችን ነው። ህንዶችም እንቁላልን በቅመም ይሠሩታል፤ ካሪ ይሉታል።

እንቁላል ጣዕም ብቻ አይደለም። ያገራችን ዶሮ አንድ እንቁላል 5 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን የልጅን ሰውነት ይገነባል። በአስኳሉ ውስጥ ደግሞ ለዓይን የሚበጅ ቫይታሚን ኤ አለ።

ልጅ 6 ወር ሲሞላው እንቁላል መቅመስ ይችላል። በደንብ ቀቅለን፣ አድቅቀን እንስጠው። በርበሬው ይቅርበት። ጥሬ እንቁላል ግን ያሳምማል። ጾም ሲሆንስ? ሕፃን አይጾምም። ለእሱ በትንሽ ድስት ለብቻ ይቀቀልለት።

ወደ እማማ ተመልሰን ይህንኑ ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲያው ሁለቱ ለልጅቷ ይቅር። ጨው በስምንቱም ይገዛል፤ ቡናው ይቀነስ» አሉን።

እናንተስ? ከምትሸጡት እንቁላል ለልጆቻችሁ ስንት ታስቀራላችሁ?