ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ፊልትሮ

የቤትዎ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ፊልትሮ በየስንት ጊዜው ይቀየራል ብዬ ብጠይቅዎት፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የሚኖሩ ከሆነ ይስቁብኛል። የምን ማቀዝቀዣ? እኔ የምኖርባት ሱሉልታ እንኳን ማቀዝቀዣ ሊያስፈልጋት፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ ተደርቦም አይበቃም። ሲሞቀን መስኮት እንከፍታለን፣ ሲበርደን እንዘጋለን፤ አለቀ።

መኪና ካለዎት ግን ፊልትሮውም ሳይኖርዎት አይቀርም። በአብዛኞቹ መኪኖች ከክሩስኮቱ ኪስ ጀርባ፣ ደብተር የሚያክል የተጣጠፈ ወረቀት ተሰክቷል። ከውጭ የሚገባው አየር፣ ቀዝቃዛም ይሁን ሙቅ፣ ልጆችዎ አፍንጫ ከመድረሱ በፊት በዚያ ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለልን የእነዚህ ከተሞች ነዋሪዎች ደግሞ፣ ሥራችንም የልጆቻችን ትምህርት ቤትም አዲስ አበባ ሆኖ፣ በሥራ ቀን ከሳሎናችን ይልቅ መኪናችን ውስጥ ሳንቆይ አንቀርም።

የእኛ ታናሽ ልጅ አስም አለባት። ስለዚህ ይህ ወረቀት ለእኛ ቤት የጋራዥ ወሬ ብቻ አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ተነስተን፣ እንጦጦን ተሻግረን ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ፣ ከፊታችን ከደርባ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አያጣንም። ከኋላ ወንበር ሳል ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ፊልትሮውን ነው። ሐኪሟ ያዘዘላትን ኢንሄለር አይተካም፤ ግን በእኛ እጅ ያለው እሱ ነው። ልጆች ከሰውነታቸው ክብደት አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር እንደሚስቡም አይርሱ።

ጋራዥ ሲሄዱ አንድ ነገር አጥርተው ይጠይቁ። መካኒኩ «የአየር ፊልትሮ ቀይሬያለሁ» ቢልዎት፣ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ማለቱ ነው። የሞተሩ ፊልትሮ የሚጠብቀው ሞተሩን ነው፤ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ግን ቤተሰብዎን። አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ቦታው እያላቸው ፊልትሮ የላቸውም፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ኪሱን አስከፍቶ ቢያይ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። የመኪና መመሪያ ደብተሮች በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወይም ከ15,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቀይሩ ይላሉ፤ አቧራማ ቦታ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ጊዜውን ያሳጥሩታል። ከሰበታ መሐል ከተማ ደርሶ መመለስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሄዱ 300፣ በ50 ሳምንት 15,000። አቧራውን ቆጥረን በግማሽ ብንቀንሰው፣ ስድስት ወር ላይ ደረስን ማለት ነው።

የቡራዩ ሰው «እኛ እኮ ቅርብ ነን» ይል ይሆናል። ኪሎ ሜትር የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ከአሸዋ ሜዳ ተነስቶ በሙገር ሲሚንቶ መኪኖች መሐል የቆመ ሰው፣ ቆጣሪው ባይንቀሳቀስም ንፋስ ማራገቢያው እየሠራ ነው፤ ፊልትሮውም የሚስበው የፊተኛውን ጭስ ነው። እኔ የምቆጥረው ሰዓትና አቧራ ነው። (የሰበታ ሰዎች በዓለም ገና አልፈው ጭሱ ውስጥ የሚቆሙበት ሰፈር ስሙ አየር ጤና መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።) ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችን ያለው ኮረኮንችም አለ። ርቀቱ አጭር ነው፤ ግን ከጥር እስከ መጋቢት ከአስፋልቱ ሁሉ የበለጠ የሚያለብሰው እሱ ነው።

እኛ በዓመት ሁለቴ እንቀይራለን፤ ጥቅምትና ሚያዝያ ላይ። የጥቅምቱ በአቧራ ምክንያት አይደለም። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ይሻግታል፤ ማራገቢያውን ሲከፍቱ የሚመጣው የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ከዚያ ሊሆን ይችላል። በመሐል በበጋው በየወሩ አውጥቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እጥፋቶቹ መሐል ግራጫ ከሆነ፣ ወይም ማራገቢያው እየጮኸ ንፋሱ ከደከመ፣ ቀኑን አይጠብቁ።

ጋራዥ ውስጥ የሚሰሙት መልስ ግን የታወቀ ነው። «ጋሼ፣ በኮምፕረሰር ንፍት ላድርግልዎትና ይመለስ፤ አዲስ ነው የሚመስለው።» ይመስላል፣ እውነት ነው። ግን ኃይለኛ ንፋስ ቃጫውን ይቀድደዋል፣ ደቃቁን አቧራም አያወጣውም። በሳሙና ማጠብ ደግሞ ይብሳል። መንገድ ላይ ከሆኑና መለወጫ ካጡ፣ ቀስ አድርገው መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ይመልሱት።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አላችሁ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥም በዝተዋል። «ዘይት የለው፣ ፊልትሮ የለው» የሚለው የሻጭ ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የሞተር ፊልትሮ የለውም፤ የተሳፋሪው ግን አለው፣ አቧራውም ያው አቧራ ነው።

ከፊልትሮው ብዙ አይጠብቁ። ተራው ወረቀት አቧራ ይይዛል እንጂ፣ ከፀጉር ውፍረት ወደ 30 እጥፍ የሚያንሰውን የጭስ ብናኝ አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ከሰል የተጨመረበት ጥቁሩ ዓይነት ሽታ ይቀንሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ሁለቱም አያስቆሙትም፤ ብርድ ብለን ዘግተን የምንቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከከሰል ምድጃ የሚወጣውም እሱው ነው። መኪና ውስጥ የሚያግዘን የውጭውን አየር የሚዘጋው ቁልፍ ነው። ከፊቴ የሚያጨስ መኪና ሲገባ እጫነዋለሁ፣ ሳልፈው እከፍተዋለሁ። ተዘግቶ ከቆየ መስታወቱ በላብ ይሸፈናል፣ የታመቀው ትንፋሽም ነጂውን ያደነዝዛል።

ሲመልሱት ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀስት ያስተውሉ፤ የአየሩን አቅጣጫ የምታሳይ ናት፣ በአንዳንዱ መኪና ደግሞ ወደ ላይ የሚሆነውን ጎን። እኛ ከቀስቷ አጠገብ የቀየርንበትን ቀን በእስክሪብቶ እንጽፋለን። የምትጽፈው ታናሽዋ ናት፤ ቁጥሯ ትልልቅ ስለሆነ ሳናወጣው እንኳን ኪሱን ከፍተን ማንበብ እንችላለን።