ልጄ፣ ስለ ጥርስሽ

ልጄ፣ ጊምቢ ሆነሽ ለሠርግሽ ሽር ጉድ እንደምትዪ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ታናሽ እህትሽ ግን አንድ ነገር አመለጣት፤ ጥርስሽ ሐጫ በረዶ እንዲመስል በሎሚ፣ አንዳንዴም በከሰል ዱቄት ታሺዋለሽ አሉ። እሷን አትቆጫት፤ ስለምትሳሳልሽ ነው። እኔም ልቆጣሽ አይደለም፤ መዋብ ነውር ሆኖ አያውቅም። የሰሜን እናቶች ድዳቸውን ተነቅሰው ያጠቁሩ የነበረው ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ አልነበር?

ብቻ ልጄ፣ ከመዋብ በፊት የሚዋበውን ማወቅ ይሻላል። ሐኪሞች ኢናሜል የሚሉት የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ከአጥንትም ይብሳል። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። እንዲያ ጠንክሮም ሕይወት ያለው ሕዋስ የለውም። ጥፍር ቢቆረጥ ያድጋል፣ አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፤ ኢናሜል ግን አንዴ ከተበላ አይበቅልም። ምራቅ የላላውን ማዕድን ጥቂት ይመልስለታል፣ የሄደውን ግን አይተካም። በጤና ጣቢያ ባረጀሁበት ዘመን፣ አብዛኛው ሰው ይህን የሚረዳው ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሱን ሲወጋው ነበር።

የአሲድ መለኪያው ፒኤች ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል፤ አፍ ውስጥ ወደ 5.5 አካባቢ ሲወርድ ኢናሜል መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ወደ 2 ይጠጋል። ሎሚው ያላላውን ከሰሉ ይፈገፍገዋል። በመጀመሪያ የነጣ ይመስልሻል። ቆይቶ የላዩ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ብቅ ይላል፤ እሱ በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ቢጫውን ሸሽተሽ ቢጫው ላይ ትደርሻለሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። በመጠጥም ቢሆን ሎሚ ከቀመስሽ ወዲያው አትቦርሺ፤ በውሃ ተጉመጥምጠሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሺ።

በቴሌግራም ያዘዝሽው የጥርስ ማንጫ ጄል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በልኩና በሐኪም እጅ ከሆነ ከሎሚው ያነሰ እፈራዋለሁ። እንዲህ ባለው ጄል ውስጥ የሚገባው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አይፍቅም፤ ኢናሜሉን ሰርጎ ገብቶ ቀለሙን ይሰባብራል። ለጥቂት ቀን ጥርስ ይጠዘጥዛል፣ ድድ ይለበልባል፣ ብዙውን ጊዜም ያልፋል። ሲበዛ፣ ሲደጋገም፣ አሲድ ሲቀላቀልበት ግን ኢናሜሉን ያሻክረዋል፤ አንቺ ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ ስንት እንዳለ አታውቂም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ እስከ 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ ያለውን መጀመሪያ በጥርስ ሐኪም ካልሆነ አይፈቅድም፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ከልክሏል። ደግሞ የተቦረቦረ ጥርስ ካለሽ መድኃኒቱ በቀዳዳው ገብቶ ያሰቃይሻል። ያስሞላሽው ጥርስም ቀለሙ አይለወጥምና ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀራል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለየትኛው ቢጫ ነው? እኛ ወለጋዎች በቡና ያደግን ነን፤ ቡናችን በነቀምቴ ስም ባሕር ይሻገራል፣ ጥርሳችን ጥቂት ቀለም ቢይዝ ምን ይደንቃል? የአክስትሽን ባል እዪው፤ የወንጂ ልጅ ነው። እንደ ወንጂ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታልና በልጅነታቸው የጠጡት ሰዎች ጥርስ ቡናማ ይሆናል። ቀለሙ ከኢናሜሉ ውስጥ ስለሆነ ቢፈገፍጉት አይለቅም። እሱ ግን ሲስቅ አፉን በእጁ ሲሸፍን አይተሽው ታውቂያለሽ? በቤታችን ለሽምግልና የሚላከው እሱ ነው። አንቺን ሊጠይቁ ለመጡት ሽማግሌዎች የቤተሰባችንን ቃል የሰጠውም እሱ ነው፤ ሰዎቹ እስካሁን የሚያወሩት ስለ አነጋገሩ ነው እንጂ ስለ ጥርሱ ሲያነሱ አልሰማሁም። የባልሽ ቤትም ከሠርጉ ፎቶ ይልቅ አንደበትሽን ነው ዕድሜ ልክ የሚያየው።

እንግዲህ ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብሽ ጄሉን አትክፈቺው። ነቀምቴ ስትመጪ የጥርስ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ ይይልሽ፣ ይጠብልሽ፤ ከላይ የተለጠፈው የቡና ጥቁረት አብዛኛው በዚያው ይለቅ ይሆናል። ከዚያም በኋላ ማንጣቱ ካማረሽ ሐኪሙ እንዳለሽ አድርጊ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ። እናትሽ በላከችልሽ ሎሚ ግን ዶሮ እጠቢበት።