ብርቱካናማዋ ዶሚኖ

ዴኒስ ዶሚኖ! ስሟን ባነሳሁ ቁጥር ፊቴ ይፈካል። በእንግሊዝ አገር ተሠርተው ካየኋቸው አውቶቡሶች ሁሉ እንደሷ የወደድኩት የለም። እንደሷ ቶሎ የጠፋብኝም የለም። የተሠሩት በጠቅላላው 34 ብቻ ናቸው፦ 20ዎቹ ለታላቋ ማንችስተር፣ 14ቱ ለሳውዝ ዮርክሻየር። እኔ የተማሪነት ዘመኔን ያሳለፍኩት ማንችስተር ስለሆነ የማወራው ስለ 20ዎቹ ነው።

ያኔ ማንችስተር አንድ ጣጣ ነበረባት። ሁለቱ ትልልቅ የባቡር ጣቢያዎቿ፣ ፒካዲሊና ቪክቶሪያ፣ መሀል ከተማውን በመካከላቸው አድርገው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ከለንደን የመጣ ሰው ፒካዲሊ ይወርዳል፤ ወደ ቤሪ የሚሄደው ባቡር የሚነሳው ግን ከቪክቶሪያ ነው። በመሬት ውስጥ ዋሻ ሊያገናኟቸው አስበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገንዘብ ጠፋና ነገሩ ቀረ። ስለዚህ ሻንጣውን ያንጠለጠለ መንገደኛ ሁሉ ሴንተርላይን የምትባለውን የመሀል ከተማ አውቶቡስ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ገደማ ጀምሮ በዚያ መስመር የምትመጣው ዶሚኖ ነበረች።

ከሩቅ ብርቱካናማ ቀለሟ ብቅ ሲል ልቤ ዝላይ ይጀምራል! መቀመጫዋ 24 ሰው ብቻ ይይዛል፤ ግን ቫን ቆርጠው ወንበር የሰኩባት አልነበረችም። ከእግር እስከ ራሷ ለአውቶቡስነት የተሠራች ናት። ፐርኪንስ ሞተሯ እንደ ትልልቆቹ ከኋላ ነው። እኔም ሁልጊዜ የምሮጠው ወደ መጨረሻው ወንበር ነበር፤ በክረምት ብርድ ጀርባዬ ሲሞቅ፣ ከፌርማታ ስትነሳ ድምጿ ከበታቼ ሲያጓራ፣ ኦ! አዲስ አበባ ላይ በአንበሳ አውቶቡስ በር ተንጠልጥዬ ላደግኩት ለኔ ያ ወንበር ዙፋን ነበር።

ሠሪዋ ዴኒስ ከጊልድፎርድ ነው። ከግዙፉ አውቶቡስ ሠሪ ከሌይላንድ ጋር ሲተያይ ትንሽ ኩባንያ ነበር፤ የእሳት አደጋና የቆሻሻ መኪና በመሥራት ስሙን የተከለ። ዶሚኔተር የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ ነበረው፤ ዶሚኖ የሱ ታናሽ እህት ናት። የማንችስተሮቹን አካል የሠራላቸው የዊጋኑ ኖርዘርን ካውንቲስ ነው። የሳውዝ ዮርክሻየሮቹን ደግሞ ሊድስ ላይ ገና የተቋቋመው ኦፕቴር ሠራ፤ እንጀራውን ከጀመረባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ምን በላት? ዋጋዋ። ጥራቷ ራሱ ጠላት ሆነባት። በ1986 ጥቅምት ላይ የአውቶቡስ ሥራ ለውድድር ሲከፈት፣ ኩባንያዎቹ በየሰፈሩ ያሰማሩት ከፎርድ ትራንዚት ቫን የተቀየረ ሚኒባስ ነው፤ ርካሽ፣ ቶሎ የሚደርስ፣ የሚያንገጫግጭ። ለዶሚኖ ሌላ ትልቅ ትእዛዝ አልመጣም። እኔ ዛሬም በዚህ እበሳጫለሁ! ደግነቱ ዴኒስ ተስፋ አልቆረጠም። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ዳርት የምትባለዋን መካከለኛ አውቶቡስ አወጣ፤ እሷ በሺዎች ተሠርታ ብሪታንያን አጥለቀለቀች። ሞተሯ የት ነው? ከኋላ! ባየኋት ቁጥር "የዶሚኖ ዘመድ" እላለሁ።

የማንችስተር ጣጣም ተፈቷል። በ1992 ሜትሮሊንክ የተባለው ትራም ሁለቱን ጣቢያዎች በመንገድ ላይ ሐዲድ አገናኛቸው፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ የኦርድሶል መታጠፊያ የተባለው ሐዲድ ባቡሩን ራሱን አገናኘው። ዛሬ በመሀል ከተማው ነፃ አውቶቡስ ይዞራል፣ ሳንቲም እንኳ አይጠይቅም! አውቶቡሶቹ በሙሉ ከጥር 2025 ጀምሮ እንደገና በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ገብተው ቢጫ ቀለም ለብሰዋል፤ ንብ ነው ምልክታቸው። ደስ ይላሉ፣ አልዋሽም። ግን ብርቱካናማ አይደሉም።

ቺተም ሂል አጠገብ፣ ቦይል ስትሪት ላይ፣ የታላቋ ማንችስተር የትራንስፖርት ሙዚየም አለ፤ ከዶሚኖዎቹ ቁጥር 1751ን ጠብቆ ያቆያት እሱ ነው። ማንችስተር የሚኖር ወይም የሚያልፍ የአገሬ ሰው ካለ ልጆቹን ይዞ ይሂድ፣ ከትልልቆቹ ባለ ሁለት ፎቆች መካከል ትንሿን ይፈልጋት፣ የኋላውንም ወንበር ለኔ ይይልኝ!