ጓርኒሲዮን

አባቴ ግጥም ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ከባንክ ሥራዬ ስመለስ ማታ ማታ የምሞነጫጭራቸውን ስንኞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዤለት ስሄድ፣ ደብተሬን ተቀብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ራሱ ያነብ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ደብተሩን በእጁ ጀርባ ወደ እኔ እየመለሰ «አንተው አንብብልኝ» ማለት ጀመረ። ይህን እንደ ክብር ቆጠርሁት። ግጥም በባለቤቱ አንደበት ሲነበብ ይጣፍጣል ማለቱ ነው ብዬ ለወዳጆቼ ሳይቀር አወራሁ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «አንብብልኝ» ስለምትባል ቃል ነው፤ ነገሩን የተረዳሁት ግን ከተከፈተ የመኪና ኮፈን ፊት ቆሜ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ በጨረታ የገዛት አጭር ላንድሮቨር ዛሬም በሮቤ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተሠሩት፣ ሲሪስ ሦስት ከሚባሉት አንዷ ናት፤ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር አላት። ጎረቤታችን ቮልስ ስለነበረው «የእኔዋ በአየር ብቻ ትቀዘቅዛለች፤ ያንተዋ ግን እንደ በሬ ውኃ ትጠጣለች» እያለ አባቴን ይተርበው ነበር። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ገዢ በዛባት። እኔም «እንሽጣት» ከሚሉት ወገን ነበርሁ። የባንክ ሰው ነኝና የመለዋወጫዋን ወጪና የምትሰጠውን አገልግሎት ሳሰላ ሂሳቡ አልገጥም ይለኛል። አባቴ ግን መልስ አይሰጥም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጥር የአባቴ የቀድሞ ረዳት ደሎ መና ላይ አረፈና ለለቅሶ ወረድን። ስንሄድ የነዳው አባቴ ነበር። ስንመለስ ግን ቁልፉን በመዳፌ ላይ አስቀመጠና «ዛሬ አንተ ንዳ» አለኝ። ኀዘኑ ከብዶት ነው ብዬ ዝም አልሁ።

ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ በሐረና ደን ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ከታች ጫካ ያበቀለው ቡና አለ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶና ቀርቀሃ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ሪራ ትመጣለች፤ ከሪራ በላይ አስታ፣ ከአስታ በላይ ዛፍ የሌለበት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የሳነቴ አምባ ነው። ሪራ እንግዲህ ከዋናው አቀበት በፊት ያለች የመጨረሻ መንደር ናት። ሪራ ልንገባ ስንል የሙቀት ጠቋሚው ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። ከደኑ ከሚወጣው ጉም ጋር ተቀላቅሎ የቱ የእኛ እንደሆነ መለየት አስቸገረኝ።

መኪናዋን ዳር አስይዤ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወርጄ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስሰድ አባቴ አንጓዬን ያዘ።

«ፊትህን ልታበስል ነው? ተዋት፤ ትቀዝቅዝ።»

የጋለ ራዲያተር ሲከፈት በግፊት ታፍኖ የቆየው ፈሳሽ በአንዴ ፈልቶ ይተፋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ተቀመጥን። አንድ የሪራ ወጣት ከቤቱ ቡና በማር ይዞልን መጣ። አባቴና እርሱ በኦሮምኛ ስለ ሟቹ፣ ስለ ቀፎና ስለ ዝናብ ሲያወጉ እኔ ሰዓቴን አይ ነበር።

የቸኮልሁበት ምክንያት ነበረኝ። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 4,000 ሜትር ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ 87 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ቀዳዳ ሲኖር ውኃው ብቻ አይደለም የሚባክነው፤ ግፊቱም አብሮ ይሄዳል። ቆላ ላይ ውኃ እየጨመሩ ሊታለፍ የሚችል ፍሳሽ ሳነቴ ላይ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል። ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ጠላት ነው፤ በበጋ ሌሊት አምባው ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነውን አባቴን ይዤ እዚያ ላይ መቆም አልፈልግም ነበር።

ሞተሩ ሲበርድ ከሥር ገብቼ ተጋደምሁ። ከራዲያተሩ ወደ ውኃ ፓምፑ ከሚሄደው የታችኛው ቱቦ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

«አገኘሁት! የታችኛው ቱቦ ነው» ብዬ ማሰሪያውን በካቻቢቴ አጠበቅሁት። ውኃ ጨምረን ብናስነሣት ጠብታዋ ተመልሳ መጣች።

አባቴ ሳቅ አለና «ጠብታው የሚታይበት ቦታ ፍሳሹ ያለበት ቦታ አይደለም። ውኃ ወደ ታች ይሄዳል፤ አንተ ወደ ላይ ሂድ» አለኝ። ሞተሩን አስጠፋኝና በኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ከታችኛው ቱቦ ጀምሮ በሞተሩ ፊት ላይ ቀስ እያደረገ ሽቅብ አንሸራተተ። ቴስታታው ጫፍ ላይ፣ ከቴርሞስታቱ ክዳን ሥር ሲደርስ ቆመ። ጣቱን ወደ አፍንጫው አቀረበ።

«ኩላንት ነው፤ ይሸታል። ቀለሙ ምን ይመስላል?»

«ያው እዚህ ጋ፣ ነጭ አረንጓዴ ዝቃጭ ደርቆበታል» ብዬ በጣቴ አመለከትሁት።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ግን ጣቴ ወዳለበት አልሄደም። ከጣቴ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ምንም በሌለበት ብረት ላይ አርፎ ነበር።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። በዚያች ቅጽበት የሁለት ዓመት ጠብታዎች ሁሉ ተራ በተራ ታዩኝ። ጋዜጣ «ወሬው ሁሉ አንድ ነው» ብሎ የተወበት ቀን፤ ስኒው ሞልቶ እየፈሰሰ ቡና የቀዳበት ማለዳ፤ ማታ ማታ ከቤት መውጣት ያቆመበት ጊዜ። ከሁሉ የባሰው ግን የእኔው መስኮት ነበር። ጡረታውን ሊያወጣ ባንክ ሲመጣ ፊርማው ከናሙናው ጋር አልመሳሰል ብሎ፣ እኔው «አባባ፣ ፊርማህን ለማን ሰጠኸው?» ብዬ ሥራ ባልደረቦቼ ፊት ቀልጄበታለሁ። እርሱም ስቆ፣ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ደግሞ ፈርሟል። የሰው ሁሉ ፊርማ ስመረምር የምውል ሰው የአባቴ እጅ ለምን እንደተለወጠ አልጠየቅሁም። «አንብብልኝ» ሲለኝም ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርሁም።

«አባባ፣ ታያለህ?»

«ጉም ሆኗል» አለ። ጉሙ በእርግጥ ነበር። የጠየቅሁት ግን ስለ ሪራ ጉም አልነበረም፤ እርሱም ያውቃል።

«ስንመጣ እኮ የነዳኸው አንተ ነህ።»

«መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«መንገዱን ብታውቀውስ፣ ከብቱን ታውቀዋለህ? ሕፃኑንስ?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቁልፉን የሰጠሁህ ለምን ይመስልሃል?» አለኝ።

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃል አጣሁ። እርሱ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። «ጓርኒሲዮኑ ነው የሄደው» አለ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ጓርኒሲዮን ሁለት ብረቶች ሲጋጠሙ በመካከላቸው ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክል ስስ ነገር ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ቢወጣም እንደ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ካቻቢቴ ያሉት ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀርተዋል፤ ይህም አንዱ ነው። አባቴ እነዚህን ቃላት እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል።

«ወረቀት ፈልግ። እንደ ጋዜጣ ያልሳሳ፣ እንደ ካርቶን ያልወፈረ።»

መኪናዋ ውስጥ የነበረው እንዲህ ያለ ወረቀት የግጥም ደብተሬ ሽፋን ብቻ ነበር። ቀድጄ ሰጠሁት።

በመጀመሪያ በራዲያተሩ ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ከሥር ከፍቶ በጀሪካን አጠራቀመው። «መሬት ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ» አለኝ። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ይሞታል። ያለንበት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የቀይ ቀበሮ ሀገር ነው። ከዚያ ብሎኖቹን ፈታ። ቀዳዳው ውስጥ ፍርፋሪ እንዳይገባ ጨርቅ ወተፈበትና የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በቢላዋ ፋቀ። የደብተሬን ሽፋን በክዳኑ አፍ ላይ ዘርግቶ በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያለ መታው፤ ብረቱ ራሱ ወረቀቱን በልኩ ቆረጠው። የብሎኖቹንም ቀዳዳዎች እንዲሁ አወጣ። በሁለቱም ገጽ ግራሶ ቀባና ገጠመው። ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻው ሳያጠብቅ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ አሰራቸው፤ ክዳኑ አሉሚኒየም ነውና ካስጨነቁት ይጣመማል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ልክ ግጥሜን እንደሚሰማው።

ያ የሪራ ወጣት በቢጫ ጀሪካን ከምንጭ ውኃ አመጣልን። ገንዘብ ሳወጣ «እኚህ አባት ከእኛ ወገን ናቸው» ብሎ እጄን መለሰው። ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረግን፣ አየሩ እንዲወጣ እየጠበቅን ሞላን፤ ክዳኑን ዘጋን፤ አስነሣናት። በሞተሩ ፊት ለፊት ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ምንም ጠብ አላለም።

አቀበቱን በዝቅተኛ ማርሽ ወጣነው። ጉሙን ከበታቻችን ጥለን ሳነቴ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ጠቋሚው ከመካከል አላለፈም።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ።

«ጅብራዎቹ ቆመዋል፤ ጥላቸው ረዝሟል። ቱሉ ዲምቱ ጫፉ ላይ ብርሃን አለው። ቀይ ቀበሮ፣ አባባ፣ በግራ በኩል! አፍንጫውን ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ተክሎ እያደባ ነው።»

«ያዘ?»

«አልያዘም። እየጠበቀ ነው።»

«እሺ፣ ቀጥል» አለና ዓይኑን ጨፈነ። እስከ ጎባ ድረስ መንገዱን ስነግረው ሄድሁ።

በዓይኑ ላይ የነበረው ሞራ ነበር። በሀገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ይኸው ሞራ ነው፤ ሆኖም የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሹን በመተካት ይድናል። አባቴ ይህን አያውቅም ነበር። ለእርሱ የዓይን መድከም እንደ ሽበት ያለ፣ ለልጅ የማይነገር የዕድሜ ዕዳ ነው። ግራ ዓይኑ በሚያዝያ፣ ቀኙ በሰኔ ተሠራ። መንጃ ፈቃዱን ግን ራሱ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ሮቤ ላይ አንድ መካኒክ የሪራውን ውኃ አስወጥቶ ለውርጭ የሚሆን ኩላንት በልኩ ቀላቅሎ ሞላልን። ጓርኒሲዮኑንም በዋናው ሊለውጠው ሲል አባቴ «ካልፈሰሰ አትንካው» ብሎ ከለከለው። እስከ ዛሬ አልፈሰሰም። እኔም ስለ መሸጥ ማንሣት ትቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ግጥም ይዤለት ሄድሁ። ሽፋን የሌለውን ደብተር ተቀበለኝ፤ ገጹን ከፊቱ ራቅ አድርጎ ያዘና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ራሱ፣ ሳይሳሳት፣ ጮክ ብሎ አነበባቸው። ከዚያ ደብተሩን በእጁ ጀርባ ወደ እኔ መለሰው።

«አንተው አንብብልኝ» አለኝ።