በሌላ ሰው ክብደት

እኛ ሰልባጅ ሱሪ ስንገዛ ቀጥታ የምንሄደው ወደ ልብስ ሰፊ ነው። «ወገቡን ጠበብ፣ እግሩን አጠር አድርግልኝ» እንላለን። የማያውቀው ሰው ለብሶ የተወውን ሱሪ እንደ ወረደ አጥልቆ፣ ሲንሸራተትበት «ወገብ የሌለኝ እኔ ነኝ!» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሱሪው በሌላ ሰው ልክ እንደተሰፋ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሚስተካከለው ሱሪው ነው። በጨርቅ ጉዳይ ይህን ያህል ብልሆች ነን።

ከጨርቅ ስንወጣ ግን ብልሃታችን ይጠፋል። በሌላ ሰው ልክ የተበጀ ዕቃ፣ በሌላ ሰው ልክ የወጣ ደንብ፣ በሌላ ሰው ልክ የተመከረ ምክር እንደ ወረደ እንቀበላለን። አልሆን ሲለን ደግሞ ራሳችንን እንታዘባለን። ጎረቤትና ዘመድም ያግዘናል፤ በመታዘቡ። ይህን ነገር ሰሞኑን እንዳብሰለስለው ያደረገኝ ምን መሰላችሁ? ብስክሌት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ባል ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ሁለት ልጆች አሉት። ወንዱ ኮሎራዶ፣ አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ ሴቷ እዚሁ አዲስ አበባ ከእናቷ ጋር ናት። ልጁ ለአባቱ አርባ ሲመጣ የተራራ ብስክሌቱን ፈታትቶ በካርቶን አሽጎ ይዞ መጣ። «እኔ ሌላ ገዝቻለሁ፤ ይኼ ለሷ ይሁን። ከቤት ትውጣበት» አለ። ገጣጥሞላት፣ መክሯት፣ ተመልሶ ሄደ። እግዜር ይስጠው፤ ስጦታው ከልብ ነው። ችግሩ ልጁ 92 ኪሎ ነው፤ እህቱ 51።

ልጅቱ እሑድ እሑድ ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመረች። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ከተመረቀ ወዲህ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እዚያ ማየት ብርቅ አይደለም። እሷ ግን የወደደችው ከፓርኩ ውጪ በባሕር ዛፉ መሐል የሚያልፉትን፣ እናቶች እንጨት ተሸክመው የሚወርዱባቸውን ቀጫጭን መንገዶች ነው። መንገዶቹ ሥርና ድንጋይ ናቸው። ስትመለስ እጆቿ እየደነዘዙ ብርጭቆ መያዝ ያቅታታል። ሦስት እሑድ ሞከረች። በአራተኛው ብስክሌቱ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

ያን ጊዜ ፍርዱ ወረደላችሁ። አንዷ አክስት «ድሮም ፈሪ ናት» አለች። ሌላዋ «ሐዘኑ ነው ጉልበቷን የወሰደው» አለች። ወንድሟ በስልክ «እኔ እኮ በዚያ ብስክሌት ከቋጥኝ ላይ ነበር የምዘልበት! መልመድ ነው እንጂ!» አለ። አንድ የሩቅ ዘመድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር አመጣ። «ጥቁር ለብሳ፣ የአባቷ ሰማንያ ሳይወጣ፣ ብስክሌት!»

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከብረታ ብረት ጋር ትውውቅ የለኝም። የሰው ንግግር ግን አዳምጣለሁ። ለምን እንደተወችው ስጠይቃት «ጋሼ፣ እያንዳንዷን ድንጋይ ይቆጥርልኛል፤ አንዷን እንኳን አያልፍልኝም» አለችኝ። ይህ የፈሪ ንግግር አይደለም። ፈሪ ስለ ገደሉ ነው የሚያወራው። እሷ የነገረችኝ ስለ ዕቃው ነው።

ብስክሌቱን እየገፋን ሰፈራችን ወዳለው ጎሚስታ ሄድን። ጎሚስታው ምንም ሳይጠይቅ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ወደ ታች ተጫነው። ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል።

«ፋዘር፣ ይኼ ድንጋይ ነው እኮ! ለማን ነው የተነፋው?»

«ለወንድሟ።»

«እሱ ስንት ኪሎ ነው?»

አያችሁ? ዘመድ ሁሉ ስለ ልጅቱ ሲመረምር፣ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው ጎሚስታው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ትንሽ ላውጋችሁ። የዚህ ብስክሌት የፊት ጎማ የተያዘባቸው ሁለት እግሮች ድፍን ብረት አይደሉም፤ አንዱ ቧንቧ ሌላው ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ነው። ባለሙያዎቹ ፎርክ ይሉታል። መኪና ላይ ሞላና አሞርዛተር የሚሠሩትን ሥራ እነዚህ እግሮች ይሠሩታል። በአንደኛው እግር ውስጥ የታመቀ አየር አለ፤ በሞላ ፈንታ ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። በሌላኛው ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ስለሚገደድ የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ይገታል። አየሩ ሸክሙን፣ ዘይቱ ፍጥነቱን ይዘው ተካፍለዋል።

የተራራ ብስክሌት ሲጀመር ይህ ሁሉ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ ጎረምሶች አሮጌ ብስክሌት እየሰበሰቡ ከታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ቁልቁል ይለቁት ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር «ሪፓክ» ይባላል፤ ከመንገዱ ቁልቁለት የተነሣ የኋላው ፍሬን ግሎ ግራሱን ስለሚያቃጥለው፣ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ አዲስ ግራስ መሙላት የግድ ነበር። በዚያ ዘመን ድንጋዩን የሚውጠው የነጂው ክንድና ጉልበት ብቻ ነው። ከሞተር ሳይክል ሙያ የመጣው ፖል ተርነር ሮክሾክስን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በማግሥቱ ዓመት ዱራንጎ፣ ኮሎራዶ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ይኸው ፎርክ ቁልቁለቱን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ስፖርቱ ሌላ ሆነ።

ወደ ጎሚስታችን ልመለስ። «ቀንስልን» ብንለው እምቢ አለ። «ፋዘር፣ ማስተንፈሱ ቀላል ነው። ስንት እንደወጣ ግን አላውቅም። መልሼ ልንፋው ብል ደግሞ የኔ ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ ነው፤ ይኼ ውስጡ ጠባብ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ አበላሸዋለሁ።» የማያውቀውን አልነካም የሚል ባለሙያ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ቡና ጋበዝኩት። ልጁ ለዚሁ ሥራ የተሠራች ትንሽ የእጅ ፓምፕ ከነመለኪያዋ በመንገደኛ ላከልን። መንገደኛ እስኪገኝ አንድ ወር አለፈ። ልጅቱ በዚያ አንድ ወር ውስጥም ፈሪ ተብላ ቆየች።

ፓምፗ መጣችና እሑድ ረፋዱ ላይ ግቢያችን ወርክሾፕ ሆነ። ልጁ በስልክ ያዛል፣ ጎሚስታው መሪውን ይዟል፣ እኔ ማስመሪያ ይዣለሁ። ሥራው እንዲህ ነው። ፎርኩ እግር ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። እሷን ወደ ታች እስከ መጨረሻው ትገፏታላችሁ። ነጂዋ ለመንገድ የምትለብሰውን ሁሉ ለብሳ፣ የውኃ ቦርሳዋን አዝላ፣ ሳትወዛወዝ ትወጣና ፔዳሉ ላይ እንደምትነዳው ቆማ ትረጋለች። ከዚያ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ፎርኩ በሷ ክብደት ምን ያህል እንደሰመጠ ቀለበቷ የቆመችበት ቦታ ይናገራል። የዚህ ፎርክ ሙሉ መንገድ 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለፊት ፎርክ ከዚህ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ቢሰምጥ ጥሩ ነው ይባላል። 20 በመቶ ብንይዝ 24 ሚሊ ሜትር። በኛዋ ልጅ ስንት ሰመጠ? 7 ሚሊ ሜትር! መለኪያው 120 ፒኤስአይ ያሳያል። ልጅቱ ሦስት እሑድ ሙሉ የነዳችው ፎርክ ሳይሆን ምሰሶ ነው።

ይህ የመስመጥ ልክ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? «ሳግ»። ልጁ በስልክ «ሳጓን ለኩ! ሳጓ ስንት ነው?» እያለ ሲጮህ እህቴ ከወጥ ቤት ደንግጣ ወጣች። ምን ታድርግ! በእኛ ቋንቋ ሳግ ማለት ልቅሶው ሳይፈነዳ በፊት ጉሮሮ ላይ የሚተናነቀው ነው። ሁለቱ ቃላት አይዛመዱም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የገጠመው። ስንነግራት ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ስትስቅ አየኋት። ልጅቱም ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለችና «እኔም እኮ ሳጌ ገና አልወጣም» አለች። ማናችንም መልስ አልሰጠናትም። በቀብሩ ቀን እንዳላለቀሰች ብዙ ሰው ቆጥሮባት ነበር።

ለምንድን ነው ፎርኩ ገና መንገድ ሳይጀመር እንዲሰምጥ የሚፈለገው? እኔም ይህን ጠይቄያለሁ። ጎማ ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ መሸሽ ብቻ ሳይሆን፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ወደ ታች መውረድ አለበት። አስቀድሞ ዝቅ ያላለ ፎርክ ጉድጓዱ ውስጥ ጎማውን የሚከተልበት መንገድ የለውም፤ ጎማው መሬቱን ይለቃል። ሸክሙን ከወዲሁ የተቀበለ ነው መንገዱን የሚይዘው።

አየሩን ጥቂት ጥቂት እየቀነስን፣ በየመሐሉ መሪውን ደጋግመን እየተጫንን፣ እንደገና እየለካን 68 ላይ ደረስን። 24 ሚሊ ሜትር! አንዲት ነገር ልብ በሉ። ፓምፑን ነቅላችሁ እንደገና ስትሰኩት መለኪያው ቀንሶ ያሳያል፤ ፎርኩ አፍስሶ አይደለም፣ ቱቦዋ የድርሻዋን አየር ወስዳ ነው። ደግሞም ማለስለስ ሁልጊዜ ደግነት እንዳይመስላችሁ። አየሩ ከልክ በታች ከሆነ ብስክሌቱ ፍሬን በተያዘ ቁጥር በአፍንጫው ይደፋል፤ ትልቅ ድንጋይ ሲመጣም ፎርኩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ይጋጫል። «እሷ እኮ አትችልም» ብሎ ሁሉን ነገር የሚያነሳላት ዘመድ፣ «መልመድ ነው» ከሚለው የተሻለ አይደለም። ሁለቱም ክብደቷን አልጠየቁም።

ቀጥሎ ዘይቱ መጣ። ፎርኩ ግርጌ ላይ ቀይ ማዞሪያ አለች፤ በአንድ ወገን ጥንቸል፣ በሌላው ኤሊ ተስሎባታል። ፎርኩ ከተመታ በኋላ በምን ፍጥነት ወደ ቦታው እንደሚመለስ የምትወስነው እሷ ናት። ከልክ በላይ ወደ ጥንቸሉ ከሄደች መሪው እንደ ፌንጣ ይዘላል። ከልክ በላይ ወደ ኤሊው ከሄደች ግን ነገሩ የከፋ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ይመታዋል፤ ተመልሶ ሳይነሳ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ከዚያ ሦስተኛው። በየምቱ ዝቅ ዝቅ እያለ መጨረሻ ላይ የሚሰምጥበት ቦታ ያጣና ድርቅ ይላል። ወንድሟ ብዙ አየር ስለነበረው፣ ያን የሚገፋ ጉልበት ለመግታት ወደ ኤሊው አስጠግቶት ነበር። አየሩ ሲቀንስ ያው ልክ ለእሷ እጅግ ዘገየ። ማዞሪያዋን ቀጭ ቀጭ እያደረግን ወደ ጥንቸሉ መለስናት። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተቀምጣ ስትወርድ ፎርኩ አንዴ ብቻ ተነሥቶ እስኪረጋ ድረስ ሞከርን።

ይህን ሳይ ነው የሁለቱን ሴቶች ነገር ያሰብኩት። አባቶቻችን ሐዘንን በአንድ ቀን አልጨረሱትም። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ብለው በእርከን አስቀመጡት። ሰው ከተመታበት የሚመለሰው ቀስ በቀስ እንደሆነ አውቀዋል። ዛሬ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ፤ የትዳር ጓደኛ ወይም የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እህቴ የምትሠራበት የግል ድርጅት ሦስቱን ቀን ቆጥሮ በአራተኛው «ነይ» አላት። ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን ሦስት ቀን ሕጉ የሚያስገድደው ትንሹ ነው፤ ከዚያ በላይ መስጠትን የከለከለ አንቀጽ የለም። እህቴ ገና ሳትነሳ የሥራው፣ የቤት ኪራዩ፣ የወራሽነቱ ጉዳይ ተራ በተራ ደረሰባት። በየምቱ ዝቅ ስትል አይቻታለሁ።

ልጅቱ ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። እሷ መውጣት፣ መንዳት፣ ላብ ማፍሰስ ነው የሚመልሳት። እሷን «ሰማንያው ሳይወጣ!» ብለን አሰርናት። እናቲቱን ጥንቸል ሁኚ፣ ልጂቱን ኤሊ ሁኚ አልን። አንድ ቤት፣ አንድ ሞት፣ ሁለት ልክ ነው። የአባቶቻችን እርከን መልካም ነው፤ ዘመዱ እንዳይበተን፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር የተሠራ ነው። ግን እሱም እንደዚያች ፎርኩ ጀርባ ላይ እንደተለጠፈች የኪሎና የአየር ሠንጠረዥ ነው። ከምን እንደሚጀመር ይነግራችኋል፤ ቀለበቷን መለካት የእናንተ ፈንታ ነው።

ስለዚህ አደራ፣ የሐዘን ቤት ስትሄዱ፣ ለሠራተኛችሁ ፈቃድ ስትጽፉ፣ ለተማሪያችሁ ማርክ ስትሰጡ፣ ለልጃችሁ የታላቁን ደብተርና የታላቁን ተስፋ ስታወርሱት፣ «እገሌ እኮ ችሎታል» ከማለታችሁ በፊት የጎሚስታውን ጥያቄ ጠይቁ። ለማን ነው የተነፋው? እሱስ ስንት ኪሎ ነው?