ሠላሳ ግራም

ለማስቃላ ጨንቻ ወጥተን፣ ከዘመድ ጋር በልተን ጠጥተን፣ «ዮ ማስቃላ» ተባብለን ወደ ሴቻ ከተመለስን ሳምንት አልፎናል። መስከረም 2018 ዓ.ም. ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከቤታችን በረንዳ ዓባያ እንደ ልማዱ ደፍርሶ፣ ቀላ ብሎ ይታያል፤ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሟል። እናቴ ቡና እየቀዳች፣ ዐይኗን ከሲኒው ሳትነቅል፣

«ያ ወርቅ አሁን ቢገዛ ስንት ይፈጃል?» አለችኝ።

«የቱ ወርቅ?» አልኋት። የቱ እንደ ሆነ ግን አላጣሁትም።

«የእህትህ ነዋ!»

እህቴ በጥር ልትዳር ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እንደ ብዙ የጋሞ ልጅ ጉርምስናውን ሽሮ ሜዳ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያ ሲያመላልስ ፈጀው። ለጥምቀትና ለፋሲካ ገበያው ሲደራ ከትርፉ ላይ ቆንጥሮ ወርቅ ይገዛል፤ አንድ ዓመት ጉትቻ፣ ሌላ ዓመት ቀለበት፣ በቀናው ዓመት ደግሞ ሐብል። ባንክ ቤት ገብቶ አያውቅም። ሲሞት የተወልን የሽመና ዕቃውን፣ ራሱ የሠራውን አንድ ቡልኮና በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ሠላሳ ግራም ባለ 18 ካራት ወርቅ ነበር። ወርቁ ለእህቴ እንዲሆን ተናዝዟል።

ያን ወርቅ ያሸጥሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት መባቻ ብሔራዊ ባንክ ሁለት ውሳኔ በአንድ ጊዜ አሳወቀ። የብርን ምንዛሪ በ15 በመቶ ቀነሰ፤ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። እኔ የሂሳብ አያያዝ መምህር ነኝ፤ ይህን ዜና ከማንም ቀድሜ ማንበብ የነበረብኝ ሰው ነበርሁ። አነበብሁትም። ነገር ግን አንዱን ዜና ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ብቻ ወሰድሁ። የምንዛሪው ጉዳይ የአስመጪዎች ራስ ምታት መሰለኝ፤ 7 በመቶው ግን የእኛ ምሥራች። እናቴን ቁጭ አድርጌ «ወርቅ አይወልድም፤ ገንዘብ ግን ባንክ ከገባ ይወልዳል» አልኋት። እሷም ብዙ ዝም ካለች በኋላ «አንተ ተምረሃል» አለች። የተማረ ልጅ መውለድ አንዳንድ ጊዜ ዕዳ ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሲቀላ ወርደን በ28,000 ብር ሸጥነው። ብሩን በስሟ አስገባን፤ ደብተሩን ወርቁ በነበረበት ነጠላ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው።

እንግዲህ እናቴ በረንዳው ላይ ስትጠይቀኝ በሆዴ የሠራሁትን ሂሳብ ልንገራችሁ። 28,000ው ብር የሰባት ዓመት ከምናምን ወሩ ወለድ ተደምሮለት፣ የወለዱ ግብር ተቀንሶለት፣ 46,000 ብር ገደማ ደርሷል። ባዶ አይደለም፤ ወልዷል። በዚያው ሰሞን ግን የዓለም የወርቅ ዋጋ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውንስ ከ4,000 ዶላር በላይ ሆነ። አንድ ዶላር ደግሞ በባንክ ከ140 ብር በላይ ይመነዘራል። አውንሱ 31 ግራም ነውና አንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ 18,000 ብር ያህል ይመጣል ማለት ነው፤ ባለ 18 ካራቱ የዚያ ሦስት አራተኛ። የአባቴ ሠላሳ ግራም የእጅ ዋጋ ሳይታሰብ ከ400,000 ብር በላይ። የእናቴ ደብተር ደግሞ ከሦስት ግራም ብዙም የማይዘል።

ቡናው በረደብኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ተነሥቼ ሂሳቡን በወረቀት ደግሜ ሠራሁት። ስንሸጠው አንድ አውንስ ከ1,300 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ዶላሩም 27 ብር። ስለዚህ ወርቅ በዓለም ገበያ የጨመረው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ዶላሩ በብር ሲተመን ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ሁለቱ ሲባዙ አሥራ አምስት። አያችሁ፤ ሰው ሁሉ «ወርቅ ተወደደ» ይላል፤ ከዚህ ውድነት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የወርቁ መወደድ ሳይሆን የብሩ መርከስ ነው። አባቴ ያስቀመጠው ነገር ከቦታው ብዙም አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀስነው እኛ ነን፤ ወደ ታች።

ብሩ ለምን ረከሰ? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ ድርቁም፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም አለበት። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የእናቴን ደብተር የነካው የመንግሥት ብድር ነው ብዬ አምናለሁ። መንግሥት ወጪው ከገቢው ሲበልጥ እንደ ማንም ሰው ይበደራል። ልዩነቱ ግን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር አበዳሪው አዲስ ብር መፍጠር የሚችል መሆኑ ነው። ጤፉና በቆሎው ሳይጨምር ብሩ ብቻ ሲጨምር የሚሆነውን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያሻም፤ ገበያ መውጣት ይበቃል። ከዚያም በላይ፣ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ላይ 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ መግዣ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ ያህሉን በመንግሥት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲያኖሩ ታዘዙ። እናቴ እንዲህ ያለውን መመሪያ ሰምታም አታውቅ። ዳሩ ግን ሳታውቀው የመንግሥት አበዳሪ ከሆኑት አንዷ ነበረች። በ7 በመቶ አበደረች፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ዕዳ በንረት ሲሟሟ ባለዕዳው ይቀለዋል፤ የሟሟው ግን ከአንድ ሰው ሣጥን ነው።

የውጭው ዕዳ ደግሞ ሌላ መንገድ መጣ። በ2007 ዓ.ም. ሀገራችን በዓለም የቦንድ ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተበድራ ነበር፤ ያኔ ኩራት ነበር የተሰማን፤ እኔም ለተማሪዎቼ በኩራት አስተምሬዋለሁ። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅትም ወዲያው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ መቶን ዘለለ።

ስለ ቀረጥ የምለው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ለሚገባ የተዘጋጀ ልብስ የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ነው። በቀረጡ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይነባበራል። መቶ ብር ሆኖ የደረሰ ሸሚዝ ከጉምሩክ ሲወጣ 170 ብር ያልፋል። አሁን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሚሰላው በመቶኛ፣ በብር ነው። አሥር ዶላር የሚያወጣ ሸሚዝ ዶላሩ 57 ብር ሳለ 400 ብር ያህል ግብር ይጣልበታል፤ ዶላሩ 140 ሲሆን ያው ሸሚዝ ወደ 1,000 ብር። ማንም አዋጁን አልነካውም፤ የምክር ቤት አባል እጁን አላወጣም። ምንዛሪው ሲወርድ ቀረጡ ራሱ በራሱ አደገ። እርግጥ ነጋዴው ድሮም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ እየገዛ በዚያው ስለሚተምን ዕቃ ሁሉ በምንዛሪው ልክ አልጨመረም። ቀረጡ ግን በባንክ ምንዛሪ ይታሰብ ስለ ነበር ዝላዩን ሙሉውን ዘለለ።

በመርሕ ደረጃ ቀረጥ ዋጋን አንዴ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዓመት በዓመት አያንርም፤ ለተማሪዎቼም የምለው ይህንኑ ነው። ብሩ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ከወረደ ግን «አንዴ» የሚባለው በየወሩ ይመጣል።

አባቴ ቢሰማኝ ይቆጣኝ ነበር። እሱ የቀረጥ ወዳጅ ነበር። ጥለቱ በማሽን የታተመ የቻይና «የሀበሻ ልብስ» ሽሮ ሜዳ መደርደሪያ ላይ መታየት የጀመረ ጊዜ «ይህን ድንበር ላይ የሚያስቆም ሰው ጠፋ?» እያለ ይብከነከን ነበር። ሦስት ቀን የለፋበትን ነጠላ ግማሽ ቀን ባልፈጀ ጨርቅ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ቀረጥ ይጨመር ቢል አልፈርድበትም። ያው ቀረጥ ግን ለልጆቹ የትምህርት ቤት ጫማ ሲገዛ ከኪሱ ይወጣ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔም እስከዚያች ሌሊት ድረስ አላሰብሁትም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ ቢሆን ወርቁ ሦስት እጥፍ የጨመረበትን አላስረዳም። መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዓለም ሸቀጥ ላይ ሰፊ ቀረጥ መጣላቸውን አወጁ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት 10 በመቶ ነበር። ቀረጥ ዋጋን ያንራል፣ ንግድን ያቀዘቅዛል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ የወለድ ምጣኔን ከፍ ማድረግም ዝቅ ማድረግም ይጨንቃል። በዚያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ዕዳ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ከ38 ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። ታዲያ ገንዘብ ያለው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ የየሀገሩ ማዕከላዊ ባንክ፣ ዕዳ የማይጻፍበትን ነገር ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ2023 እና በ2024 ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ወርቅ ገዙ። አባቴ በግራም ያደረገውን እነሱ በቶን አደረጉት። የእኛም መንግሥት ከዚሁ ገበያ አልራቀም፤ ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ እየገዛ፣ በ2017 የበጀት ዓመት ከወርቅ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ቡናን በለጠ። ወርቁ ሲወጣ ዶላር ያስገባል፤ ሲገዛ ግን የሚከፈለው አዲስ ብር ነው።

ወርቅን ግን ጻድቅ አላደርገውም። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ በ850 ዶላር የገዛ ሰው ያን ዋጋ መልሶ ለማየት እስከ 2008 ጠብቋል፤ ሃያ ስምንት ዓመት! ወርቅ ይሰረቃል፤ መዳብ ይቀላቀልበታል፤ ስትሸጠው የእጅ ዋጋው ይቀራል። ወለድ አይከፍልም፤ ይህንማ ለእናቴ የነገርኋት እውነት ነበር።

ጧት ሁሉንም ነገርኋት። ከደመወዜ እየቆጠብሁ እሞላዋለሁ አልኋት፤ የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ ስለምታውቅ መልስ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

በባጃጅ ወደ ሲቀላ ወረድን። ከባንኩ 44,000 ብር አወጣች። ወርቅ ቤት ስንገባ ዋጋው እኔ በወረቀት ከሠራሁት ከፍ ብሎ ጠበቀን፤ ነጋዴም ይኖራል፣ የእጅም አለ። ገንዘቧ ሁለት ግራም ተኩል ጉትቻ አወጣላት። ሰውዬው ጉትቻውን ጥቁሯ ድንጋይ ላይ አሸት አድርጎ አሲድ ጠብ ሲያደርግባት እናቴ ጎንበስ ብላ አየች፤ መስመሩ እንዳልጠፋ ካየች በኋላ ቀና አለች።

«ስንሸጥም እንዲህ አሽቶት ነበር» አለችኝ። «ያንዬም አልጠፋም።»

ሴቻ ስንደርስ ያንኑ የነጠላ ቁራጭ ከሣጥኗ አወጣች። የቁጠባ ደብተሩን ከውስጡ አነሣችና ጉትቻውን በቦታው አኑራ አጥብቃ ቋጠረችው፤ ቋጠሮው ከወርቁ ይበልጣል። ሁለት ሺህ ብር የቀረበትን ደብተር ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይህን አንተ ያዘው» አለች። «ይወልድልህ እንደ ሆነ።»

ተቀበልኋት።