ከቦሌ ወደ ከተማ

ተማሪ ሆይ፤ አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ ተቀበል ተብለህ ወደ ቦሌ መላክህ አይቀርም። አበባ ከመግዛትህ አስቀድሞ ልታስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም እንግዳህን በምን ወደ ከተማ ታስገባዋለህ የሚለው ነው።

ርቀቱ እምብዛም አያስጨንቅም። ቀድሞ አይሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር። የልደታ ሜዳ ለጄት አይሮፕላን ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያዎቹን ጄቶች በ1955 ዓ.ም. አስመጣ። ያን ጊዜ ቦሌ ከከተማው ውጭ ነበር፤ ዛሬ ግን አዲስ አበባ ዙሪያውን ከባዋለች። ከዚያ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስኑት ሻንጣውና ሰዓቱ ናቸው።

ርካሹ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ሆኖም ሚኒባሱ በመንገደኞች መውጫ በር ላይ ቆሞ አይጠብቅህም፤ ከግቢው ወጥተህ እስከ ዋናው መንገድ በእግርህ መሄድ አለብህ። ሻንጣህ መቀመጫ ከያዘም ረዳቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቅሃል። እኔ አልፈርድበትም፤ በዚያ ቦታ ሰው ይቀመጥበት ነበርና። ትንሽ ቦርሳ ብቻ ለያዘ ሰው ግን፥ ቀን ከሆነ፥ ከሚኒባስ የተሻለ የለም። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምህም። አንደኛው መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፥ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ ተዘረጋ፤ ሁለቱም አይሮፕላን ማረፊያውን አልነኩትም።

የእህቴ ልጅ አራት ዓመት ጅዳ ሠርታ ስትመለስ የደረሰችው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። በገመድ የተጠፈሩ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ይዛለች። በማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሣውን የደሴ አውቶቡስ መያዝ ነበረባት። ባለ ታክሲው የኮንትራት ዋጋ ሲጠራ ደነገጠች።

«ጋሼ፥ ሚኒባስ እንጠብቅ። ይህ ብር የእማዬ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ነው» አለችኝ።

እዚያው ቆመን ሒሳቡን ሠራን። እስከ መገናኛ አንድ ጊዜ፥ ከመገናኛ እስከ ላምበረት ሌላ ጊዜ መሳፈር ነው። በየጉዞው ለሁለታችንና ለሁለቱ ሻንጣዎች የአራት ሰው፥ በድምሩ የስምንት ሰው ሒሳብ ይሆናል። ኮንትራቱ አሁንም ይበልጥ ነበር፤ ልዩነቱ ግን እርሷ እንደ ፈራችው አልሆነም። ነግቶ ሚኒባስ እስኪገኝ ብንጠብቅ ደግሞ አስቀድሜ የቆረጥሁላት ትኬት ይቃጠላል። ጥቂት ተከራክረን ካስቀነስን በኋላ በኮንትራት ሄድን። አንተም ዋጋውን ሻንጣው ሳይጫን ተስማማ፤ ከተጫነ በኋላ የሚነሣ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ለባለ መኪናው ያደላል።

በስልክ የሚጠራው ታክሲ ይህን ክርክር ያስቀራል፤ ሒሳቡን የሚያሰላው መሣሪያው ነውና። ነገር ግን ከአይሮፕላን የወረደ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚሠራ የአገር ውስጥ ስልክ የለውም። ስልኩ ያለው በአንተ እጅ ነው፤ ስለዚህ ባትሪውን ሞልተህ ሂድ። እንግዳህ ትልቅ ሆቴል የያዘ እንደ ሆነ አትድከም፤ ሆቴሉ መኪና ይልካል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አይሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ ይለወጣል። ቦታው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ርቀቱ ራሱ ከሒሳቡ ይገባል። ያን ጊዜ ሕዝብ የሚጭን ባቡር ወይም ፈጣን አውቶቡስ ካልተዘጋጀ፥ ደሴ የምትሄድ መንገደኛ ላምበረት ለመድረስ ብቻ የምትከፍለው ከደሴው ትኬት ሊበልጥ ይችላል።